የመንኮራኩር ልጆች

ሳንቶስ፣ ብራዚል
ማርች 8 ቀን 1987

በሶውቴላ መንደር ላሴርዳ በሚለው ስም ለምትጠሩ ወገኖቼ በሙሉ፤

ፊታችሁን አይቼ ባላውቅም የአክብሮት ሰላምታዬ ባሕር አቋርጦ ይድረሳችሁ። ጤናና ጥጋብ ከቤታችሁ አይራቅ። የማንንም አድራሻ ስለማላውቅ ይህን ደብዳቤ የምልከው በደብራችሁ ቄስ በኩል ነው፤ ላስቸገርኳቸው ይቅር ይበሉኝ።

ስሜ ቫልዴማር ላሴርዳ ይባላል። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኜ ኖርኩና አዲሱ ማሽን ሲመጣ አሰናበቱኝ። ባለቤቴ ኔውዛ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ያለኝ አንድ ልጅ ዴልሲዮ ብቻ ነው። የሚሠራበት ፋብሪካ ሲዘጋ፣ «አባዬ፣ አያቴ ከመጣበት አገር ሄጄ ልሞክር» ብሎ ዓምና ሊዝበን ገባ። የግድግዳ ለሳኝ ነው፤ እጁ የተባረከ ነው። የመኖሪያ ወረቀት ግን የለውም። ወረቀት የሌለውን ሰው አሠሪው እንደፈለገ ያደርገዋል።

አባቴ ኦኖፍሬ ላሴርዳ በ1912 ከእናንተ መንደር ወጥቶ እዚህ ወረደ፤ በ1961 ሞተ። ስለ አገሩ ማውራት አይወድም ነበር። እናቱ ፔርፔቱዋ እንደምትባል፣ አሊፒዮ የሚባል ታላቅ ወንድም እንዳለው፣ በግራ ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ የበቅሎ እርግጫ እንደሆነ፤ ከዚህ ሌላ አልሰማሁም። ቆንስላው «አባትህ ፖርቱጋል መወለዱን አስረዳ፤ አንተም ልጅህም ዜግነት ታገኛላችሁ» አለኝ። ለመዝገብ ቤት ብጽፍ ግን «በሶውቴላ ላሴርዳ የተባለ ሰው ተወልዶም ሞቶም አያውቅም» የሚል መልስ መጣልኝ።

እንግዲህ ወይ መዝገቡ ተሳስቷል፣ ወይ አባቴ ዋሽቶኛል። ከእናንተ መካከል የሚያውቀው ካለ፣ ስለ ልጄ ብላችሁ አንድ መስመር ጻፉልኝ።

አክባሪያችሁ
ቫልዴማር


ሶውቴላ
ጁን 19 ቀን 1987

ለቫልዴማር፤

የእመቤታችን ጥላ ከአንተና ከልጅህ ላይ አይነሳ። አንተ ብዬ ስጠራህ አትቀየመኝ፤ በአሥራ አምስት ዓመት እበልጥሃለሁ፣ ደግሞም የአጎቴ ልጅ ነህ። ዴኦሊንዳ እባላለሁ። አሊፒዮ አባቴ ነው፤ ፔርፔቱዋ አያቴ ናት።

ደብዳቤህ ከደረሰ ሁለት ወር አልፎታል። አባ ኤርናኒ ከቅዳሴ በኋላ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበውና «ላሴርዳ የሚባል የምታውቁ አላችሁ?» አለ። «የትኛው መኳንንት ነው እዚህ ጭቃ ውስጥ የጠፋው?» አለ ባለመሸታው ዤርማኖ፤ ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ደብዳቤውን ከቄሱ እጅ ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ። ለመልስ የዘገየሁት ጉልበቴን ስላመመኝ ነው።

የአባትህ ስም ላሴርዳ አይደለም። የሁላችንም ስም ኤሽፖሽቶ ነው። ቃሉን ታውቀዋለህ፤ ደጅ የተጣለ ማለት ነው። የሰው ስም የሆነው እንዴት እንደሆነ ግን ማንም አልነገረህ ይሆናል።

ድሮ በከተማው ምጽዋት ቤት ግድግዳ ውስጥ እንደ በርሜል ያለ፣ የሚዞር የእንጨት መንኮራኩር ነበር። ልጇን ማሳደግ ያልቻለች ሴት በውጭ በኩል ሕፃኑን ታስቀምጥና ደወሉን ደውላ ትሄዳለች። ውስጥ ያሉት ያዞሩታል። እናት አትታይ፣ አትጠየቅ። ልጁ የዕለቱ ቅዱስ ስም ይሰጠዋል፤ ለቤተሰብ ስም ደግሞ ኤሽፖሽቶ ይጻፍበታል፣ በግ በጋለ ብረት እንደሚታተም። ቅድመ አያታችን በ1831 በቅዱስ ቤንቶ ቀን ተገኘ፤ ቤንቶ ኤሽፖሽቶ አሉት። አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ሆነው፤ ስሙ አልለቀቀንም። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ «ኤሽፖሽቶ! እናትሽ ዳቦ ልትገዛ ሄዳ አልተመለሰችም?» እያሉ ድንጋይ ይወረውሩብኝ ነበር።

አባትህም የሸሸው ስሙን ነው። የወፍጮ ቤቱን ልጅ ሌዎኒልዴን ይወድ ነበር፤ እሷም ትወደው ነበር። ሽማግሌ ቢልክ አባቷ ሰው በተሰበሰበበት «የመንኮራኩር ዘር ለልጄ አይሆንም። ከማን እንደተወለደ የማይታወቅ! ወንድሟን አግብታ ብትገኝ ማን ይጠየቃል?» አለ። አያቴ ትነግረኝ እንደነበረው፣ ኦኖፍሬ ወደ ቤት ገባ፤ በሦስተኛው ሳምንት መንደሩን ለቆ ሄደ። ከዚያ ወዲያ የሰማነው ነገር የለም። ላሴርዳን ከየት እንዳመጣው አላውቅም።

ፎቶ ካለህ ላክልኝ።

የአጎትህ ልጅ
ዴኦሊንዳ


ሳንቶስ
ሴፕቴምበር 2 ቀን 1987

ለተከበሩ እትዬ ዴኦሊንዳ፤

ጤናዎን በሰማይ ያለው አባት ይጠብቅልኝ፤ ጉልበትዎንም ያጽናልኝ። ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም፤ ይስቁብኛል።

እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ የላሴርዳ ጋሻ ተሰቅሎ ነበር። ከመንገድ ላይ ነጋዴ የገዛሁት ነው፤ ሁለት አንበሳና አንድ ግንብ አለው። ዴልሲዮ ትንሽ ሳለ «የኛ አያቶች ይህ ግንብ ነበራቸው» እለው ነበር። ደብዳቤዎ የደረሰ ዕለት አወረድኩት። ግድግዳው ላይ ነጭ ምልክቱ ቀርቷል።

ስሙን ከየት እንዳመጣው አሁን አውቄያለሁ። አብሮት ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከም የነበረ አንድ ሽማግሌ በሕይወት አለ። ሄጄ ጠየቅሁት። ሳቀ፤ ጥርስ የለውም። «አባትህ ከመርከብ የወረደ ዕለት ከኋላው ቆሜ ነበር» አለኝ። «ጸሐፊው 'ስም?' አለው፤ 'ኦኖፍሬ።' 'የቤተሰብ?' ዝም። 'አንተ ሰውዬ፣ የቤተሰብ ስም የለህም?' ሲለው በመስኮቱ አሻግሮ አየና 'ላሴርዳ' አለ። ማዶ የመንገዱ ስም ተጽፎ ነበር። በኋላ 'ከዚያ በላይ የሚያምር አላየሁም' ብሎኛል።» እንግዲህ የአንድ ጎዳና ልጆች ነን።

አልተቀየምኩም። ቢነግረኝ ግን ምን ነበረበት?

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። መዝገብ ቤቱን በትክክለኛው ስም ጠይቄያለሁ። ጠበቃው ሌላም ያስፈልጋል አለ፤ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሥጋ ዘመድ ውል አዋዋይ ፊት ቀርቦ መመስከር አለበት። በሕይወት ያሉት ዘመድ እርስዎ ብቻ ነዎት። አንድ ገጽ ወረቀትና አንድ ፊርማ ነው። ዴልሲዮ እዚያ ደመወዙን አሠሪው ይዞበታል፤ ሄዶ እንዳይከስ ወረቀት የለውም።

የአባቴን ፎቶ ልኬያለሁ። ጠባሳውን ይዩት።

ትሑት ዘመድዎ
ቫልዴማር


ሶውቴላ
ጃኑዋሪ 11 ቀን 1988

ለወንድሜ ለቫልዴማር፤

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልህ፤ የሕፃኑ ኢየሱስ በረከት በቤትህ ይደር።

ፎቶውን ሳምኩት። ቅንድቡም አፍንጫውም የአባቴ ነው። እትዬ እያልክ በእርስዎ አትጻፍልኝ፤ አንቺ በለኝ። ባሌ አድሪያኖ ከሞተ ወዲህ አንቺ የሚለኝ ሰው የለም።

ስለ ካስታንያ ፍሬያችን ልጽፍልህ። ዘንድሮ ዛፎቹ ብዙ አፈሩ፤ ግን ዝናቡ ሳያባራ ቀረና ግማሹ መሬት ላይ ሻገተ። አብረውኝ የሚለቅሙ ሁለት አሮጊቶች ብቻ ናቸው። ወጣቱ ሁሉ ፈረንሳይ ነው። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሰባት ነበርን፣ ከነቄሱ።

አባ ኤርናኒ ከተማ ሄዶ የምጽዋት ቤቱን አሮጌ መዝገብ አገላብጦ ስለ ቤንቶ አገኘ። አያቴ የምታወራውን እውነት ነው ብዬ አላምናትም ነበር፤ እውነት ሆኖ ተገኘ። ቤንቶ በተጣለ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሴት መጥታ «ልጄ ሞቶብኝ ጡቴ ሞልቷል፤ የማጠባው ስጡኝ» አለች። ለአጥቢዎች ትንሽ ክፍያ ነበር። ልጆቹን አሳዩአት። ከአሥራ አንዱ መካከል «ይህን» አለች። አሥራ አራት ወር አጠባችው። ከዚያ ጎረቤቷ ነገረባት፤ የራሷ ልጅ ነበር። ልጇን ጥላ፣ መልሳ ለማቀፍ ተቀጥራ መጣች። ከእቅፏ ወስደው ሶውቴላ ላለ ቤተሰብ ሰጡት። እስከዚህ ድረስ በእግሯ ተከተለችው ይባላል፤ በዱላ አባረሯት።

መዝገቡ ላይ ግን ስሟ የለም። «የተባለችው ሴት» ብቻ ነው የሚለው። ሦስት ጊዜ «የተባለችው ሴት»። አባ ኤርናኒ ሲያነብልኝ «ምን የተባለች?» አልኩት።

ስለ ውል አዋዋዩ አልረሳሁም። ከተማ ድረስ መኪና የሚወጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ መንገዱም በረዶ ነው። ፀደይ ይግባ። ልጅህ ለፋሲካ ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ቤቱ ሰፊ ነው።

ዴኦሊንዳ


ሳንቶስ
ማርች 6 ቀን 1988

ለእህቴ ለዴኦሊንዳ፤

ሰላምሽ ይብዛ። እንዳዘዝሽኝ አንቺ ብዬሻለሁ።

ያቺ ሴት ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ስሟን አንድ ጸሐፊ ለመጻፍ ቢቸገርላት የሁላችንም ስም እሱ ነበር።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ግራ ገብቶኝ ነው። የአባቴ የልደት መዝገብ ግልባጭ መጣ። «ኦኖፍሬ ኤሽፖሽቶ፣ የማኑዌልና የፔርፔቱዋ ልጅ፣ 1893» ይላል። ደስ ብሎኝ ጠበቃው ቢሮ ይዤው ሮጥኩ። ሰውዬው መነጽሩን አድርጎ ዳርቻው ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አነበበና ቀና ብሎ አየኝ።

«አባትህ መቼ ነው የሞተው ያልከኝ?»
«በ1961።»
«ይህኛው ኦኖፍሬ በ1934 ብራዚል ውስጥ በወባ ሞቷል። ወንድሙ አሊፒዮ ነው ያስመዘገበው፤ ደብዳቤና ሁለት ምስክር አቅርቦ።»
«እኔ የቀበርኩት ማንን ነው ታዲያ?»
«እሱን እኔ አላውቅም። ይህ ሰው ግን አባትህ አይደለም።»

ዴኦሊንዳ፣ አባትሽ እንዲህ ያለ ነገር ያደረገው ተሳስቶ ይሆን? ማነው ያንን ደብዳቤ የጻፈለት? ወይስ አባቴ የሌላ ሰው ታሪክ ነው ሲያወራ የኖረው? እንዲያ ከሆነ ባልተወለድኩበት ቤት ገብቼ ዘመድ ነኝ ብዬሻለሁና ይቅርታሽን እለምናለሁ። የምታውቂውን ጻፊልኝ። ቶሎ ጻፊልኝ።

ዴልሲዮ ለፋሲካ ይመጣል። አንቺ ስለጠራሽው አልከለከልኩትም።

ቫልዴማር


ሶውቴላ
ሜይ 27 ቀን 1988

ለቫልዴማር፤

የትንሣኤው ብርሃን ቤትህ ይግባ።

ልጅህ አሥራ አንድ ቀን ሰንብቶ ሄደ። ከአውቶቡስ ሲወርድ ከኋላው አየሁትና አባቴ መስሎኝ ደነገጥኩ። ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ጣሪያውን አንጋጦ አይቶ «አክስቴ፣ ይህ ቤት ለመውደቅ የሚጠብቀው ማስነጠስሽን ነው» አለኝ። በማግስቱ ጣሪያ ላይ ወጣ። የተሰበረውን ሸክላ ሁሉ ቀየረ፤ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ለሰነው፣ ብታየው፣ እንደ እንቁላል ልስልስ አደረገው። መሸታ ቤት ሄዶ ዤርማኖን በካርታ አሸንፎት መጣ። ዤርማኖ «ይህ የመንኮራኩር ዘር ለመሆኑ ምን ምስክር ያስፈልገዋል? ሲያሸንፍ እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል» አለ።

የጎመን ሾርባ ሦስት ሳህን ይበላል። ሆዱን አልፎ አልፎ በቀኝ በኩል ይይዘዋል፤ «ምንድን ነው?» ስለው «ያንቺ ቋሊማ ነው፣ አክስቴ» ይለኛል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ «አያቴ አንድም ቀን ደብዳቤ አልጻፈም?» ብሎ ጠየቀኝ። «አልጻፈም» አልኩት። «ክፉ ሰው ነበር ማለት ነው» አለ። ዳቦውን ቆርሼ ሰጠሁት።

ስለ ጠየቅኸኝ ነገር ምን ልበልህ። የድሮ ጸሐፊዎች ይሳሳታሉ። ምናልባትም ሁለት ኦኖፍሬ ነበሩ። አባቴ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሆነው፤ የሞተን ሰው ምን ብዬ ልጠይቅ?

ሲሄድ አንድ ሙሉ የደረቀ ጭን ሥጋ ሰጥቼዋለሁ።

ዴኦሊንዳ


ሳንቶስ
ኦገስት 19 ቀን 1988

ለዴኦሊንዳ፤

ዘመድ ሆንን አልሆንን፣ ልጄ በቤትሽ በልቷል፤ ሊነገርሽ ይገባል።

ዴልሲዮ ኦገስት 4 ቀን አርፏል።

አብረውት ከሚኖሩት ልጆች አንዱ ስልክ ደወለልኝ። ትርፍ አንጀት ነው። አራት ቀን ትኩሳት ይዞት ምንጣፉ ላይ ተኛ። ሐኪም ቤት እንውሰድህ ቢሉት «ወረቀት ይጠይቁኛል፣ ከዚያ ፖሊስ ይጠሩና ወደ ብራዚል ይጭኑኛል። አባቴ ጉዳዩን ይዞታል፤ ትንሽ ልታገሥ» አላቸው። በአምስተኛው ቀን ራሱን ሲስት ተሸክመው ወሰዱት። ውስጡ ፈንድቶ ነበር። ሐኪሙ «ከሁለት ቀን በፊት ብታመጡት ኖሮ» አላቸው አሉ።

ልጆቹ ቀብሩ ላይ አልቆሙም። እነሱም ወረቀት የላቸውም። ከተማው በራሱ ሰዎች አስቀበረው። የት እንደሆነ እንኳ አያውቁም።

እኔ እዚህ ነኝ። የአውሮፕላን ዋጋ ከየትም አይገኝም። የመጨረሻ ደብዳቤው ትላንት ደረሰኝ፤ ከሞተ በኋላ። ጣሪያሽ አሁንም ያፈስ እንደሆነ ይጠይቃል።

ቫልዴማር


ሶውቴላ
ኦገስት 22 ቀን 1988

ለቫልዴማር፣ ለአጎቴ ለኦኖፍሬ ልጅ፤

ፈጣሪ አንተንም እኔንም ይማረን። ይህን ደብዳቤ ተቀምጠህ አንብበው። ከዚህ ጋር ማኅተም ያለበት ወረቀት አለ፤ መጀመሪያ እሱን አስቀምጥ፣ እንዳይጠፋ።

ባለፈው ወር ዴልሲዮ ደብዳቤ ጻፈልኝ። እንዲህ ይላል፤ «አክስቴ፣ አባዬ የሥጋ ዘመድ እንዳልሆንን ነገረኝ። በማይገባኝ ስም ቋሊማሽን በልቻለሁና ይቅር በይኝ። ቢሆንም የወንድሜ ልጅ እያልሽ ስትጠሪኝ ደስ ይለኝ ነበር።» ሦስት ሳምንት ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ከዚያ ከተማ ሄድኩ።

ዘመዳሞች ነን። አባትህ ጽፎ ነበር። በ1933 ነው። «ስሜን ላሴርዳ ብያለሁ፤ ወንድ ልጅ ወልጃለሁ፣ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ቫልዴማር ይባላል። አገሬ ልመለስ እፈልጋለሁ፤ የካስታንያ ዛፎቹን ድርሻዬን ጠብቅልኝ» ይላል። ለአባቴ ያነበብኩለት እኔ ነኝ፤ እሱ ፊደል አያውቅም። ስለዚህ አባ ኤርናኒ ደጃፉ ላይ ስምህን ሲጠራ ማን እንደሆንክ ወዲያው አወቅሁ።

አባቴ ዛፎቹን በሙሉ ለእኔ መዳሪያ አስቦ ነበር። የአድሪያኖ ቤተሰቦች የኤሽፖሽቶን ልጅ ባዶ እጇን አይቀበሉም። ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ከተተና ወረቀት አምጪ አለኝ።

«ጻፊ» አለኝ።
«ምን ብዬ?»
«ሞተ ብለሽ።»
«ማን ሆኜ ነው የምጽፈው?»
«የማናውቀው ሰው ሆነሽ።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ብራዚል ያለ የሆስፒታል ቄስ ሆንኩ፤ ፊደሌን አጣምሜ ጻፍኩ። በወባ ገደልኩት። «እስከ መጨረሻው የወንድሙን ስም ይጠራ ነበር» የሚለውን እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ እንዲያምር ብዬ። ሁለት ሰዎች በአንድ እንስራ ወይን ማሉለት። ከዚያ በኋላ አባትህ ሁለት ጊዜ ጻፈ፤ ሁለቱም ሳይከፈቱ ተቃጠሉ። ወንድሙ እንዳኮረፈው አስቦ ነው የሞተው።

ይህን ሁሉ ለውል አዋዋዩ ተናገርኩ። ሰውዬው ብዕሩን አስቀምጦ «እማማ፣ የሚሉት ነገር ወንጀል እንደሆነ ያውቃሉ?» አለኝ። «አውቃለሁ፤ አንተ ጻፍ» አልኩት። ጻፈ። የዛፎቹን ግማሽ በአንተ ስም አዛውሬያለሁ። ኦኖፍሬ ኤሽፖሽቶና ኦኖፍሬ ላሴርዳ አንድ ሰው ናቸው።

ስለ አባቴ ክብር ነው ዝም ያልኩት ብዬ ራሴን አታልል ነበር። ሐሰት ነው። ብቻዬን የምኖር አሮጊት ነኝ፤ ቤቱንና ዛፎቹን መልሺ እንዳልባል ፈራሁ። መንደሩም «ኤሽፖሽቶ ድሮም» እንዳይለኝ ፈራሁ።

ለዴልሲዮ ንገረው። በኦክቶበር ካስታንያ ሲወድቅ ይምጣና የራሱን ይልቀም።

ዴኦሊንዳ


ሳንቶስ
ኦክቶበር 30 ቀን 1988

ለወይዘሮ ዴኦሊንዳ ኤሽፖሽቶ፤

የላኩልኝ ወረቀት ደርሶኛል። ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። የኔን አሁን አንብበውታል።

ወረቀቱን ለጠበቃው ሰጠሁት። አንድም የጎደለው የለም አለኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቆንስላው ጠራኝና እጄን ጨበጠኝ። ፖርቱጋላዊ ነኝ። ልጄም እንደዚያው፣ ቢኖር።

ቀኑን ቆጥሬ አየሁት። በመጀመሪያው ደብዳቤዬና በፊርማዎ መካከል አሥራ ሰባት ወር አለ። ከዚህ በላይ ልጽፍ አልችልም፤ ሞክሬ ቀድጃለሁ።

ዛፎቹን አልፈልጋቸውም። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ የት እንደተቀበረ ይፈልጉልኝ።

ቫልዴማር ላሴርዳ


ሶውቴላ
ጁን 5 ቀን 1989

ለቫልዴማር፤

ምን ብዬ እንደምመርቅህ አላውቅምና ምርቃቱን ትቼዋለሁ።

በክረምቱ ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩልህ፤ አንዱ «ከአድራሻው ለቋል» ተብሎበት ተመለሰ። ይህን በማተሚያ ቤቱ ማኅበር በኩል ልኬዋለሁ። እዚያ የሚያውቅህ ሰው ይኖር ይሆናል።

ባለፈው ወር ሊዝበን ሄድኩ። በሰባ አራት ዓመቴ ባቡር የመጀመሪያዬ ነው። የልጅህን ጓደኞች አፈላልጌ አገኘሁ፤ አንዱ ሆስፒታሉን አሳየኝ፤ ሆስፒታሉ ወደ መቃብር ቦታው ላከኝ። እዚያ ያለው ጸሐፊ ወጣት ነው፤ ሳንድዊች እየበላ ነበር።

«ማንን ነው የሚፈልጉት?»
«ዴልሲዮ ላሴርዳን።»
መዝገቡን ገለጠ። «አለ። ጠያቂ የሌለው ይላል። እርስዎ ምኑ ነዎት?»
«አክስቱ ነኝ።»
«ስምዎ?»
«ዴኦሊንዳ ኤሽፖሽቶ።»
«አይገጥምም፣ እማማ።»

የውል አዋዋዩን ግልባጭ ይዤ ነበር። አነበበውና አዘነልኝ፤ ሳንድዊቹን አስቀመጠ። «ይህ የሚያወራው ስለ አያቱ ነው። አጽሙን ለማንሳት የአባት ፊርማ ያስፈልጋል» አለኝ። አባቱ ብራዚል ነው፣ አይመልስልኝም አልኩት። «ካልመጣ በአምስት ዓመቱ ከሌሎቹ ጋር ወደ አንድ ጉድጓድ ይገባል። ደንቡ ነው።» ይዤው ወደ ሶውቴላ ልመጣ፣ ከአያቴ ከፔርፔቱዋ አጠገብ ላሳርፈው ነበር ሐሳቤ።

ቦታውን አሳየኝ። መስቀል የለውም፤ በቆርቆሮ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። ዙሪያውን ሣር በልቶታል። ሣሩን በእጄ ነቀልኩ፤ እስኪመሽ ድረስ ተቀመጥኩ። ጸሐፊው መጥቶ «እማማ፣ ልንዘጋ ነው» እስኪለኝ።

መንደሩ ሁሉን ሰምቷል። ዤርማኖ ሰላም ይለኛል፤ ሌሎቹ አይሉኝም። ያንተን ዛፎች ማንም አልለቀመም፤ እኔም አልነካሁም።

በአምስት ዓመቱ እኔ ሰባ ስምንት ይሆነኛል፤ ብኖር። ፊርማህን ከላክህ ይበቃል፤ ሌላ ቃል አትጻፍልኝ። እንደ ድሮው እርስዎ ብትለኝም፣ ምንም ባትለኝም እቀበላለሁ። ካልላክህም ይህን ያዝ፤ ክፍል አሥራ አራት፣ ረድፍ ስድስት፣ ቁጥር 2203። አንድ ቦታ ጻፈው። እዚህ ከእኔ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም።

ዴኦሊንዳ